ግሪንሃውስም ጥርሱ ሳይታይ አይገዛም

በነገሌ ቦረና ገበያ ወይፈን የሚገዛ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያየው የቆዳውን ማማር አይደለም። አፉን አስከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል፤ ጎኑን ይዳስሳል፤ ጥቂት ያስረምደውና እግሩን ያያል። ከየት እንደመጣና በመንገድ ስንት ቀን እንደቆየ ይጠይቃል። ዋጋ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ደላላው የቱንም ያህል ቢያወራ ጥርሱ ያልታየ ከብት አይገዛም።

ይኸው ነጋዴ ግሪንሃውስ ለመግዛት ሲነሣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በስልኩ የተላከለትን ፎቶ ያያል፤ “ካሬ ሜትሩ በስንት ነው?” ይላል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስብና ዝቅተኛውን ይመርጣል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ላስቲኩ ተቀዶ፣ ምሰሶው በምስጥ ተበልቶ፣ ቲማቲሙ በፀሐይ ተቃጥሎ ሲያገኘው “ግሪንሃውስ አያዋጣም” ብሎ ይደመድማል። ችግሩ ግን ከግሪንሃውሱ ይልቅ አገዛዙ ላይ ነው። በከብት ገበያ የሚያውቀውን ጥንቃቄ ከበረቱ በር ላይ ጥሎ መግባቱ ነው።

ነጋዴው የቁም እንስሳ ገንዘቡን በግሪንሃውስ ላይ የሚያሳርፍ ከሆነ መግዛት ያለበት አጽሙን ነው። ላስቲኩ ያልቃል፣ ይቀየራል፤ ሰብሉ ይፈራረቃል፤ ገበያው ይወጣል ይወርዳል። ሃያ ዓመት ቆሞ ገንዘቡን የሚመልሰው ብረቱና መሠረቱ ነው። አጽሙን ለመግዛት አቅም ወይም ቦታ ከሌለ ደግሞ አለመግዛት ይሻላል።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ከብት ነጋዴ ወደ አትክልት ማየቱ የሚያስገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን የቁም እንስሳ ስታግድ፣ በርበራና ቦሳሶ ላይ የቆመው ንግድ እስከ ቡርዖና እስከ ሐርሺን ድረስ ተሰምቷል። እገዳው የተነሣው በ2009 ነው። ዘጠኝ ዓመት ማለት አንድ ነጋዴ ልጁን አሳድጎ ለሥራ የሚያደርስበት ጊዜ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀሩ። ቦረና ላይ በረቱ የተሞላ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ባዶ በረት ይዞ ቀረ።

በአራት እግሩ የሚሄድ ሀብት ሲታመም አብሮ ይታመማል፣ ሲጠማም አብሮ ይጠማል። ስለዚህ ነጋዴው ከገንዘቡ የተወሰነውን በማይራመድ ነገር ላይ ማሳረፍ መፈለጉ ልክ ነው። የጅግጅጋ፣ የሞያሌና የኢሲዮሎ ነጋዴ ከተማውን፣ መንገዱንና ገዢውን ያውቃል፤ መኪናም አለው። ጂቡቲና ሐርጌሳ አትክልታቸውን ከሩቅ እንደሚያስመጡ በዓይኑ ያያል። ሐሳቡ ከዚህ የመነጨ ነው፣ ከንቱም አይደለም። የሚበላሸው ወደ ተግባር ሲገባ ነው።

ሰንጋና ላም

የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት የለመደው የንግድ ዓይነት ነው። ድንበር ተሻጋሪ ነጋዴ ሰንጋ ገዝቶ፣ አጓጉዞ፣ ሸጦ ገንዘቡን በሳምንታት ውስጥ መልሶ በእጁ ያስገባል። ለእንዲህ ያለው ንግድ የመግዣ ዋጋ ሁሉ ነገር ነው። በርካሽ የገዛ አተረፈ፣ በውድ የገዛ ከሰረ።

ግሪንሃውስ ግን ሰንጋ ሳይሆን የወተት ላም ነው። ላም የሚገዛ ሰው የሚያስበው ስንት ጊዜ ትወልዳለች፣ በቀን ስንት ሊትር ትሰጣለች፣ ስንት ዓመት ትቆያለች ብሎ ነው። ግማሽ ዋጋ የወጣባት ያረጀች ላም ርካሽ አትባልም። በግሪንሃውስም ጥያቄው “ካሬ ሜትሩ በስንት ገባ?” መሆኑ ቀርቶ “ለእያንዳንዱ ምርት ለሚሰጥበት ዓመት ስንት ወጣበት?” መሆን አለበት።

ለስሌት ብቻ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ከባሕር ዛፍ የተሠራ ቤት 1 ሚሊዮን ብር ያወጣል፤ አራት ዓመት ይቆማል እንበል። ዚንክ የተነከረ የብረት ቤት በተመሳሳይ ስፋት 2.6 ሚሊዮን ያወጣል፤ ሃያ ዓመት ይቆማል። ላስቲኩን ሁለቱም ስለሚቀይሩት ከሒሳቡ ይውጣ። በሃያ ዓመት ውስጥ የእንጨቱ ቤት አምስት ጊዜ ይሠራል፤ 5 ሚሊዮን ማለት ነው። የብረቱ ቤት ለጥገና 400 ሺህ ቢጨመርበት እንኳ 3 ሚሊዮን ነው።

ብልህ ነጋዴ እዚህ ላይ ይቃወማል፤ ተቃውሞውም ውሃ ያነሣል። “የ1.6 ሚሊዮኑን ልዩነት ከብት ብገዛበትና በዓመት 20 በመቶ ባተርፍበት በአራት ዓመት 3.3 ሚሊዮን ይሆናል። ሁለተኛውን የእንጨት ቤት ሠርቼም ከ2 ሚሊዮን በላይ ይተርፈኛል” ይላል። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ብዙ የግሪንሃውስ ሻጮች ይህን ስሌት ሸሽተው “ብረት ይሻላል” ብቻ ስለሚሉ ነጋዴው አያምናቸውም።

መልሱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ 20 በመቶው የሚገኘው ወደቡ ሲከፈትና ዝናቡ ሲዘንብ ነው። ግሪንሃውሱ የሚፈለገው ደግሞ ከብቱ በማያተርፍበት ዓመት ነው። የእንጨቱ ቤት የሚፈርስበት ዓመት እገዳ ወይም ድርቅ ከመጣበት ዓመት ጋር ከገጠመ መልሶ መሥሪያው ገንዘብ የለም። ያኔ ሁለቱም ሀብቶች አብረው ይወድቃሉ።

ሁለተኛ፣ መልሶ መሥሪያው 1 ሚሊዮን ላይ ቆሞ አይጠብቅም። የኢትዮጵያ ብር ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ማናቸውም ዕቃ ምን ያህል እንደዘለለ ድንበር ላይ ለሚሠራ ሰው አይነገርም። ዛሬ የተተከለ ብረት በዛሬው ዋጋ የተገዛ ነው፤ ወደፊት የሚሠራ ቤት በወደፊቱ ዋጋ ይገዛል።

ሦስተኛውና ትልቁ ምክንያት፣ ቤት በቀጠሮ አለመውደቁ ነው። ልክ አራት ዓመት ሲሞላው፣ ሰብሉ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ፣ በጸጥታ አይወድቅም። በነፋስ ቀን፣ ከሥሩ ያለውን ቲማቲም ይዞ ይወድቃል። ቲማቲም ከተተከለ ሁለት ወር ከግማሽ ገደማ ድረስ ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ውሃና የሠራተኛ ደሞዝ ተከፍሎ መለቀም ሊጀምር ሲል የወደቀ ቤት፣ ወደብ ሲደርስ እንደሞተ ሰንጋ ነው። ነጋዴው የሚያጣው የቤቱን ዋጋ ብቻ አይደለም። ወቅቱንም፣ አምኖ ያዘዘውን የሆቴል ደንበኛም ያጣል።

የእንጨት ቤት ፈጽሞ አይሠራ ማለት ግን አይደለም። ቲማቲም አሳድጎ ለማያውቅ ሰው በትንሽ ቦታ ላይ ለአንድ ሁለት ዓመት መማሪያ የሚሆን የእንጨት ቤት መሥራት ጥሩ ነው። ስሙ ግን ትምህርት ቤት ይባል፤ ኢንቨስትመንት አይባል። ጥፋቱ መማሪያውን በ2 ሺህ ካሬ ሜትር ላይ ማድረግ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ጥርሱ፦ ብረቱና መጋጠሚያው

የብረት ቤት ሁሉ አንድ አይደለም። ዝገትን የሚከላከለው በላዩ ያለው ዚንክ ነው። ዚንኩ ሁለት ዓይነት አመጣጥ አለው። አንዱ ፋብሪካ ውስጥ በስሱ ተለብጦ የሚመጣ ቱቦ ነው። ሌላው ብረቱ ተቆርጦ፣ ተበስቶና ተበይዶ ካለቀ በኋላ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚነከር ነው። ሁለተኛው ውድ ነው፤ ቱቦው ውስጡም ውጪውም ስለሚሸፈን ዕድሜው በጣም ይረዝማል።

ማጭበርበሪያው የሚገኘው ብየዳው ላይ ነው። በስሱ የተለበጠ ቱቦ ቦታው ድረስ መጥቶ እዚያው ሲበየድ ዚንኩ በእሳቱ ይቃጠላል። ሠራተኛው በላዩ የብር ቀለም ይቀባበታል። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ዝገቱ ግን ከዚያው መጋጠሚያ ይጀምራል፤ ቤቱም የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ቀንዱ በዘይት ተወልውሎ ገበያ የወጣን ያረጀ በሬ የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ለመለየት አይቸገርም። መጋጠሚያውን በጥፍሩ ይፋቀው፤ ቀለም ከሆነ ይነሣል። የቱቦውን ጫፍ አይቶ ግድግዳው ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ይለካ። ምን ዓይነት ዚንክ እንደሆነም በውሉ ላይ ይጻፍለት።

ከብየዳ ይልቅ በብሎን የሚገጠም ቤት ለነጋዴ የተሻለ ነው። ምክንያቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። በከብት መንገድ ላይ ያለ መሬት ብዙ ጊዜ የኪራይ ወይም የጎሳ የጋራ መሬት ነው። በአምስት ዓመት ኪራይ መሬት ላይ የሃያ ዓመት ቤት መትከል ስህተት ነው። ብሎን ያለው ቤት ግን ሊፈታ፣ ሊጫንና ሌላ ቦታ ሊተከል ይችላል፤ ሊሸጥም ይችላል። “ከብት በአንድ ቀን ይሸጣል፣ ይሄ ግን መሬት ላይ ተቸንክሮ ይቀራል” ለሚለው ትክክለኛ ስጋት ያለው መልስ ይኸው ነው። የበሰበሰ ባሕር ዛፍን የሚገዛ የለም።

እግሩ፦ መሠረቱና ነፋሱ

ነፋስ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ በአራት እጥፍ ይጨምራል። ይህ ለጅግጅጋ ሜዳና ለማርሳቢት ነጋዴ ዋናው ቁጥር ነው። በቱርካና ሐይቅ አጠገብ፣ በማርሳቢት ካውንቲ፣ 365 የነፋስ ተርባይኖች ቆመው 310 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የቻሉት ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ነው። ወደ ጂቡቲ በሚወስደው መንገድ አይሻ ላይም ተርባይኖች የተተከሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ላስቲክ ይቀዳል።

ግሪንሃውስን ነፋስ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ከጎን ገፍቶ ሳይሆን ከውስጥ ገብቶ ወደ ላይ አንሥቶ ነው። ስለዚህ ምሰሶው ኮንክሪት ውስጥ በጥልቀት መቀበር አለበት፤ ማዕዘኖቹም በሰያፍ ብረት መታሰር አለባቸው። በነፋስ አቅጣጫ በኩል ጥቂት ሜትር ርቆ የዛፍ ወይም የመረብ አጥር ያስፈልጋል። ሻጩ “ይህ ቤት በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነፋስ ይችላል?” ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን በቁጥር መጻፍ ካልቻለ ቤቱን ያሰላው ሰው የለም ማለት ነው።

ቆዳው፦ ላስቲኩ

ላስቲኩ ለፀሐይ የተዘጋጀና 200 ማይክሮን ገደማ ውፍረት ያለው መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ላስቲክ በተለምዶ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል። ለግንባታ የሚሸጠው ተራ ላስቲክ አንድ በጋም ላይዘልቅ ይችላል። ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍና ደረሰኙ ላይ ነው።

የጥሩ ላስቲክን ዕድሜ የሚያሳጥሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በፀሐይ የጋለ ብረት ነው። ላስቲኩ ብረቱን በሚነካበት መስመር ላይ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ብረቱን በዚያ በኩል ነጭ ቀለም መቀባት ወይም ነጭ ቴፕ መለጠፍ ቀላል መፍትሔ ነው። ሁለተኛው ድኝ ያለበት የፀረ ሻጋታ መድኃኒት ነው። ሲደጋገም ላስቲኩን ያደርቀዋል። አንዳንድ አምራቾች ዋስትናቸውን በዚህ ምክንያት ይሰርዛሉ፤ ነጋዴው ከመፈረሙ በፊት ያንብበው።

የላስቲክ መቀየሪያ ገንዘብ ከመጀመሪያው ሽያጭ ጀምሮ ለብቻው መቀመጥ አለበት። ይህ እንደ ክትባት ወጪ ነው። በሽታው ከመጣ በኋላ ቢፈለግ አይገኝም።

ሳንባው፦ ከፍታውና አየሩ

ከጅግጅጋ ተነሥቶ በሐርጌሳ በኩል በርበራ የሚወርድ ነጋዴ በአንድ መንገድ ሦስት አገር ያያል። ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐርጌሳ 1,300 ሜትር ገደማ፤ በርበራ ባሕሩ ዳር። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ቤት የሚሸጥ ሰው የሚሸጠውን አያውቅም።

ቲማቲም ቀን ቀን ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ተክሉ አረንጓዴ ሆኖ ያምራል፤ ፍሬ ግን የለውም። የተዘጋ የላስቲክ ቤት ደግሞ ከውጭው አየር በጣም ይሞቃል። ስለዚህ በጅግጅጋና በሐርጌሳ ከፍታ ቤቱ ረዥም፣ ጣሪያው ላይ የአየር መውጫ ያለው፣ ጎኖቹም የሚጠቀለሉ መሆን አለባቸው። የአየር መግቢያውና መውጫው በድምሩ ከወለሉ ስፋት ከ20 እስከ 30 በመቶ መድረስ አለበት። አጭርና ጣሪያው የተደፈነ ቤት ርካሽ ነው፤ ለሞቃት አገር ግን ምድጃ ነው። በርበራና ጂቡቲ ዳር፣ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ቦታ፣ ላስቲኩን ትቶ የጥላ መረብ መዘርጋት ይሻላል። ከዚያም በቀዝቃዛዎቹ ወራት ብቻ ማምረት ነው።

ከሁሉ በፊት ውሃው

ከብት ነጋዴ ውሃ ያውቃል፤ እዚህ ላይ ግን እውቀቱ ሊያስተው ይችላል። ለእንስሳ ጥሩ የሆነ ውሃ ለቲማቲም መርዝ ሊሆን ይችላል። የውሃ ጨዋማነት የሚለካው በኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅሙ፣ ዴሲሲመንስ በሜትር በሚባል መለኪያ ነው። እስከ 5 የሚደርስ ውሃ ለከብት አጥጋቢ ነው። ለቲማቲም ግን ከ1.7 ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ 5 ላይ ሲደርስ በግማሽ ያህል ይወርዳል። በቆላው ያለ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ነው። ግመሎቹ በደስታ የሚጠጡት ጉድጓድ ሃያ ዓመት የሚቆም ብረት አጠገብ ሁለት ዓመት የማይቆይ አፈር ይፈጥራል። የውሃ ምርመራ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም፤ ፕሮፎርማ ከመሰብሰብ በፊት መደረግ አለበት።

መጠኑም ይሰላ። 500 ካሬ ሜትር ቤት በሞቃት ወቅት በካሬ ሜትር 4 ሊትር ቢወስድ በቀን 2,000 ሊትር ይፈልጋል። ይህ 50 ሰንጋ የሚያጠጣ ውሃ ነው። በድርቅ ዓመት ነጋዴው የትኛውን ያጠጣል? ሁለቱ ከአንድ ጉድጓድ የሚጠጡ ከሆነ ግሪንሃውሱ ስጋቱን ከመቀነስ ይልቅ ጨምሮበታል።

ጥሩ ቤት ግን ውሃም ይሰጣል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። በዓመት 500 ሚሊሜትር ዝናብ በሚያገኝ ቦታ የ500 ካሬ ሜትር ጣሪያ 250 ሺህ ሊትር ይቀበላል። አምስተኛው ቢባክን እንኳ 200 ሺህ ሊትር ይቀራል፤ ለ100 ቀን ይበቃል። ጨው የሌለበት ውሃ ስለሆነም ጨዋማውን ለማቅጠን ያገለግላል። ይህ የሚሆነው ግን ቤቱ ጠንካራ አሸንዳ ካለውና የተገደበ ኩሬ ወይም ታንከር ከተዘጋጀለት ነው። አሸንዳ የሚሸከም ምሰሶ የባሕር ዛፍ ቤት የለውም፤ የአጽሙ ዋጋ በዚህም በኩል ይመለሳል።

“አንድ ኪሎ ገብስ ሰባት ኪሎ መኖ”

ለከብት ነጋዴ ተብሎ የሚመጣ አንድ ልዩ ስብከት አለ። በግሪንሃውስ ውስጥ ገብስ በትሪ ላይ አብቅሎ በሰባት ቀን አንድ ኪሎው ሰባት ኪሎ አረንጓዴ መኖ ይሆናል የሚል ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የጨመረው ክብደት ግን ውሃ ነው።

አንድ ኪሎ ገብስ 900 ግራም ገደማ ደረቅ ነገር አለው። ቡቃያው ለማደግ ከራሱ ስንቅ ስለሚበላ ሰባቱ ኪሎ ሲደርቅ ከመጀመሪያው 900 ግራም አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜ ያንሳል። 300 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ በቀን 8 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ይህን ከቡቃያ ብቻ ለማግኘት በየቀኑ 10 ኪሎ ገደማ ገብስ ማብቀል ያስፈልጋል። ያን ያህል ገብስ ያለው ሰው በቀጥታ ቢያበላው ቤቱንም፣ ውሃውንም፣ ሠራተኛውንም ባተረፈ። ቡቃያ ለጥቂት የወተት ላሞች ወይም ለታመመ እንስሳ ማሟያ ሊሆን ይችላል። በመቶ የሚቆጠር ሰንጋ ለሚያደልብ ነጋዴ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ለመኖ የታሰበ ገንዘብ ካለ ጥሩ የድርቆሽ መጋዘን ይሠራበት፤ ፋጉሎና ፉርሽካ በርካሹ ጊዜ ይገዛበት።

ነጋዴው ከበረቱ ወደ ግሪንሃውሱ የሚያሻግረው ሌላ ነገር አለው፤ ፍግ። እሱም ቢሆን ጥሬውን አይገባም። ጥሬ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርና ጨው ይዞ ይመጣል። ለወራት ተከምሮ፣ ተገላብጦና በስብሶ ሲገባ ግን ከማዳበሪያ መግዣው ብዙ ይቀንሳል።

ገበያውና አፈሩ

ጥሩ ቤት መጥፎ ገበያን አያድንም። ከመቂና ከዝዋይ የሜዳ ቲማቲም በብዛት በሚወጣበት ወቅት፣ ወይም በኬንያ በኩል የኪሪንያጋ ምርት መንገዱን ሲሞላ፣ የግሪንሃውስ ቲማቲም በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። ትርፉ ያለው የሜዳው ሰብል በዝናብና በበሽታ በሚመታባቸው ሳምንታት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ቤቱን ከመሥራቱ በፊት የአንድ ዓመት የቲማቲም፣ የቃሪያና የኪያር ዋጋ በየሳምንቱ በደብተሩ ይመዝግብ። የፍየል ዋጋ በየገበያው ቀን ለሚመዘግብ ሰው ይህ አዲስ ሥራ አይሆንበትም።

አፈሩም እንደ ግጦሽ ነው፤ ሳያርፍ ይሞታል። በኬንያ 8 ሜትር በ15 ሜትር የሆኑ ትንንሽ ቤቶች ተገዝተው በየዓመቱ ቲማቲም ብቻ ሲተከልባቸው ባክቴሪያ የሚያመጣው አጠውላጊ በሽታ አፈሩን ይዞ ብዙ ገበሬዎችን አስቸግሯል። ቤቱ ቆሞ ሳለ ሥራው ሞተ። አጽሙ ሃያ ዓመት እንዲያገለግል ከተፈለገ ቲማቲሙ ከቲማቲም ዘመድ ካልሆነ ሰብል ጋር መፈራረቅ አለበት። አለዚያ አፈሩ ተትቶ በከረጢት መትከል ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

ውሉ ላይ የሚጻፈው

ደላላ በከብት ገበያ ዋስ ይጠራል፤ በግሪንሃውስም ዋስ ይጠራ። የብረቱ ዓይነትና ውፍረት፣ የዚንኩ ዓይነት፣ ቤቱ የሚችለው ነፋስ፣ የላስቲኩ ማይክሮንና ዋስትና፣ የአየር መውጫው ስፋት፣ ማን እንደሚተክለውና ከተከለ በኋላ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደሚያየው ይጻፍ። ክፍያው በአንድ ጊዜ አይፈጸም፤ የመጨረሻው ክፍል ቤቱ አንድ የነፋስ ወቅት ቆሞ ካለፈ በኋላ የሚከፈል ይሁን። መለዋወጫው ድንበር ሳይሻገር የት እንደሚገኝም ይጠየቅ። አንድ ማያያዣ ከሞምባሳ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ከፈጀ ላስቲኩ በሁለት ቀን ነፋስ ያልቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ፎቶ ሳይሆን ሰው ማየት ነው። ሻጩ አምስት ዓመት በፊት የተከለውን ቤት ያሳይ። አዲሱን ማንም ያሳያል። አምስት ዓመት የሞላውን ቤት ባለቤት አግኝቶ፣ መጋጠሚያውን ፍቆ፣ ምሰሶውን ገፍቶ፣ “ይህን ሰው መልሰህ ትገዛው ነበር?” ብሎ መጠየቅ ከመቶ ፕሮፎርማ ይበልጣል። የአምስት ዓመት ቤት ማሳየት የማይችል ሻጭ ጥርሱን የማያስከፍት በሬ ነው።

ውሃው ጨዋማ ከሆነ፣ መሬቱ የሰው ከሆነ፣ ገበያው ካልተጠና፣ ወይም ለአጽሙ የሚበቃ ገንዘብ ከሌለ ነጋዴው ይቆይ። ገንዘቡን በሚያውቀው ከብት ላይ ያቆየው፤ በትንሽ ቦታ ይማር፤ ሲሞላለት ይግባ። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን የለበትም። የሚገባ ከሆነ ግን ግማሽ ስፋት ያለው የብረት ቤት ሙሉ ስፋት ካለው የእንጨት ቤት ይሻላል። ወደቡ በተዘጋበት ወይም ዝናቡ በቀረበት ዓመት፣ በረቱ ባዶ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ቀና ብሎ የሚያየው ያን ቤት ነው። ያን ዓመት ቆሞ እንዲገኝ አድርጎ መግዛት ያለበት ዛሬ ነው።